ከእሱ በኋላ ማንም አይገባም

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው! ከአንቺ ሌላ ይህን ማሽን ማን ይነካዋል?»

የትልቁ ልጄ ድምፅ ነው። እኔ የፎቶ ቤታችንን ደጃፍ እየጠረግሁ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ ሦስት ሰው ይታየኛል። ልጄ እጁን ያወናጭፋል፣ ታናሽ እህቱ የማሽኑ፣ የኮምፒውተሩ፣ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታለች፣ በመሀላቸው ደግሞ አንዲት መምህርት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። መጥረጊያ የያዘች አሮጊት ከግድግዳ አትለይም፤ በፊቷ ሰው ሁሉን ይናገራል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም ልጆቼ ሲያጠኑ በጎን ነው የለቃቀምኩት። ይህን ግን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ።

የመምህርቷ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄዶ አርባ አንድ ተማሪዎቿን ባንድ ላይ አነሳላት። በትልቁ እንዲታተም አዘዘች፤ ዛሬ ልትወስድ ብትመጣ ፎቶው የለም። ማሽኑ ውስጥ የለም። ካሜራውም ውስጥ የለም፤ የካሜራችን ካርድ አንድ ብቻ ነዋ፤ ማታ ማታ የቀኑ ሥራ ወደ ማሽኑ ይገለበጥና ካርዱ ለነገ ይጸዳል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ተዘግቷል። ልጆቹ በየቤታቸው ተበትነዋል፤ ግማሾቹ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚገቡት።

«አርባ አንድ ልጅ» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ። «አርባ አንዱንም ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ባንዴ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«እሷን ጠይቂያት» አለ ልጄ። «ሰሞኑን ልቧ እዚህ የለም። አስቀምጬው ነበር ትላለች፣ ጠፋብኝ ትላለች፣ ደግሞ ያላነሳነውን አንስተናል ትላለች።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን እንዳትነኪ። ዕቃሽን ሰብስቢና አክስታችን ጋ ሂጂ፤ እስኪሻልሽ።»

እስኪሻልሽ! ያችን ቃል ሰው ፊት ነው ያላት። መምህርቷ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ የተሰነጠቀ ብርጭቆ አንስተው እንደሚያዩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፣ ካልተገኘ ለመምህራኑ ሁሉ እናገራለሁ አለችና ወጣች። ስታልፍ መጥረጊያዬን ዘልላ አለፈች፤ እኔን አላየችኝም።

ትንሿ ልጄ አልተከራከረችም። ይህ ነው ያንገበገበኝ። የኔ ልጅ እኮ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንድሟን በአንድ ቃል አራግፋ ትሰቅለው ነበር። ዛሬ ግን ከመሳቢያው አንድ ደብተር አወጣች። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ያነሳችውን ሁሉ በእጇ የምትጽፍበት ደብተር ነው፤ ቀኑን፣ የሰውየውን ስም፣ የልብሱን ቀለም ጭምር። ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጽፌዋለሁ» አለች፤ ለወንድሟ ሳይሆን ለራሷ። «ማስገባቴን ጽፌዋለሁ። ወይስ ሳላስገባ ነው የጻፍኩት?»

ልጄ ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ለማንሳት ወጣ። እኔ መጥረግ ቀጠልኩ። የተጠረገውን ነበር መልሼ የምጠርገው። እውነቱን አውቅ ነበርና። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አውቅ ነበር።

ቤታችን ከኋላ ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛዋ፣ ወደ መንገድ የምትከፈተው፣ ፎቶ ቤቱ ናት። ከመኝታዬ የሚለያት ስስ ጣውላ ነው፤ እዚያ የሚያስነጥስ ሰው እዚህ «ይማርህ» ይባላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትንሿ ማሽኑን ትከፍትና የፎቶዎቹን ፎልደር ታወጣለች፤ ፎቶዎቹ በትንንሹ፣ እንደ መስኮት ተደርድረው፣ በረድፍ በረድፍ ይመጣሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ወለሉን እጠርጋለሁ። ማንበብ ቢያዳግተኝም ፊት መለየት አያዳግተኝም። በመጨረሻው ረድፍ አራት መስኮቶች አሉ፤ አራተኛው ባሌ ነው።

ባሌን ሰው በስሙ አያውቀውም፤ «በረኛው» ነው የሚሉት። ሠላሳ አራት ዓመት የሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሟል። ትኬት ይቀድዳል፣ መብራቱ ሲጠፋ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣ አይከፍትም። «ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም» ይል ነበር። አንድ ቀን እኔው ራሴ ዘግይቼ መጥቼ አላስገባኝም። ሚስትህ ነኝ ብለው፣ «ሚስቴ ብትሆኚ በሰዓቱ ትመጪ ነበር» አለኝ። ሲኒማ ቤቱ ከፈረሰ በኋላም ጠባዩ አልፈረሰም፤ ቤት ውስጥ በር በከፈትን ቁጥር ተነስቶ ይዘጋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ኪሱ ከተተና «አንሺኝ» አላት ልጁን። በድዱ እየሳቀ አነሳችው። ላትምልህ ወይ ብትለው እኔ ተቆጣሁ። ይህን የመሰለ ባዶ ዋሻ ግድግዳዬ ላይ አይሰቀልም፣ ጥርስህን ስታደርግ ትነሳለህ አልኩ። እኔ ራሴ ጥርሴ ካለቀ ወዲህ አፌን በእጄ ሳልሸፍን ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። እሱም «እሺ፣ ሰኞ በጥርሴ እነሳለሁ» አለ። ሰኞ ሞተ። ፎቶው ሳይታተም እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀረ።

ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ሰንብቶ ከተከፈተ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ቀን ቀን ሰው ይገባል፣ ይነሳል፤ ከበረኛው በኋላ አዳዲስ ፊቶች ይደረደራሉ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ማታ ማሽኑ ይዘጋል። ጠዋት ሲከፈት ሁሉም የሉም። በረኛው መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ በድዱ ይስቃል። የትናንቶቹን ማን እንደወሰዳቸው እንጃ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሁሉ እዚያው ታትሞለት ስለሚሄድ ማንም ልብ አላለም። በሁለተኛው ጠዋት መጥረጊያዬን ጥዬ ወጣሁ። በአምስተኛው ለመድኩት። በሰባተኛው፣ ካላፈርኩ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማታ እየተኛሁ፣ ነገም መጨረሻው እሱ ነው እል ነበር። በሩን ዘግቶታል፤ ከእሱ በኋላ ማንም አይገባም። ሠላሳ ደንበኛ መጥቶ ቢያንኳኳ ምን ገዶኝ።

ከአሥር ቀን በፊት ትንሿ ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «እማ፣ የሠራሁት ነገር ጠዋት ጠዋት የለም። እያበድኩ ይሆን?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ማሽኑን ያሠሩታል፤ ማሽኑ ከተሠራ ደግሞ እሱ መጨረሻ መሆኑ ይቀራል፤ ከኋላው ሰው ይሞላበታል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይጠፋል። «እንቅልፍ ስለሚጎድልሽ ነው» አልኳት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። የኔን ሆድ ግን አልፈጀውም፤ የፈጀው እሷን ነው።

ስለዚህ መጥረጊያውን አስቀመጥኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

ማዶ ያለው ጠጋኝ ቅጽል ስሙ «ብሎን» ነው። ሃምሳ ያለፈው መላጣ ሰው ነው፤ ሲራመድ ኪሱ ይንሿሿል። ሱቁ ቁመቱን ዘርግቶ ቢተኛ እግሩ ውጭ የሚቀርባት ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ሆዱ የተከፈተ ማሽን ነው። የኛን ማሽን ዲስክ ከሦስት ዓመት በፊት የሸጠልን እሱ ነው። ኤስኤስዲ ይሉታል፤ እኔ ዲስክ እለዋለሁ፤ የመዳፍ ታህል ስስ ነገር። ያን ቀን ሁለት ነበር ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ዋጋ። መጠናቸው እኩል፣ መልካቸው እኩል። ልጄ ውዱን እንግዛ አለ። እኔ፣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ዓይን ለማያየው ነገር ማነው እጥፍ የሚከፍል አልኩ። ቤቱ የኔ፣ ቦርሳውም የኔ። ርካሹን ገዛን። በመንገድ ላይም ልጄን ስመክረው ነው የመጣሁት፤ እንዲህ ነው ገንዘብ የሚያዘው እያልኩ።

ብሎን መጣ። ትንሿ ልጄ ጓዳ ልብሷን እያጠፈች ስለነበር እኔና እሱ ብቻ ነን። ማሽኑን ነካካ፣ የሆነ ዝርዝር አወጣ፣ ቁጥር አነበበ፣ መላጣውን አሻሸ።

«እማማ፣ ይሄ ዲስክ ልኩን ጨርሷል።»

«ምን ማለት ነው ልኩን ጨርሷል? ሦስት ዓመቱ እኮ ነው። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እርስዎን በየቀኑ እየጻፉ አያጠፉብዎትም» አለ። «ይሄ ዕቃ እንደ ደብተር ነው። ይጻፍበታል፣ በላጲስ ይፋቃል፣ እንደገና ይጻፍበታል። የጥሩው ወረቀት ወፍራም ነው፤ የዚህኛው ስስ ነው። ፎቶ ቤት ደግሞ ሲጽፍና ሲፍቅ ነው የሚውለው።»

«ተቀደደ በለኛ።»

«ቢቀደድማ ጥሩ ነበር፤ ወዲያው ታውቁት ነበር። ይሄ ቆልፏል። የድሮውን ያሳያል፤ አዲስ ሲሰጡት እሺ ብሎ ይቀበላል፣ የተቀበለም ያስመስላል፤ ውስጡ ግን አያስገባውም። ሲያጠፉት ይረሳዋል። ሲነቃ የሚነቃው በቆለፈበት ቀን ነው።»

«እንደ አሮጊት።»

«እኔ እንደ አሮጊት አላልኩም።»

«እኔ አልኩ። ቀጥል።»

ትንሽ ፍላሽ ከኪሱ አወጣና ሰካበት፤ ከውስጡ የሚወጣውን ላውጣ ብሎ። ማሽኑ ደነዘዘ። ማውዙ ባለበት ቆመ። ብሎን ትንፋሹን ውጦ ጠበቀና ፍላሹን ነቀለው፤ ቆይቶ ቆይቶ ስክሪኑ ተመለሰ። ግንባሩ አልቦት ነበር። «እንዲህ ካስጨነቅሁት እጄ ላይ ነው የሚቀረው። በደንብ የሚያነብልኝ ዕቃ አለ፤ እሱንና አዲስ ዲስክ ከገበያ ይዤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ። እስከዚያ አይጠፋ። እማማ፣ ሰሙኝ? ማንም እንዳያጠፋው። ከአሁን በኋላ አንዴ ከጠፋ ሊነሳም ላይነሳም ይችላል።»

«ሌሎቹም እንዲህ ናቸው? ርካሾቹ?»

«ዕድል ነው። ከአንድ ካርቶን ሁለት ሸጥኩ፤ አንዱ ስምንት ዓመት ሠራ፣ አንዱ በስምንተኛው ወር ሞተ። ርካሽ ሲገዙ ዕድል ነው የሚገዙት።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ግን ያን ቀን ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል። አሁን ሂድ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ተመለሰ። ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረብን። የትንሿ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ አንድ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሏል። ማንም ስለ ሻንጣው አላወራም። ማንኪያ ይሰማል፣ ከጣውላው ወዲያ ደግሞ የማሽኑ ነፋስ ማራገቢያ ይሰማል። ድሮ በዚህ ሰዓት በረኛው ተነስቶ በሩን ይዘጋ ነበር። ዛሬ በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ሦስታችንም እያየን ማንም አልተነሳም። እህል ስንቀማምስ ቆየንና ብሎን ያለውን ነገርኩት። ዲስኩ ቆልፏል አልኩ።

«ዲስክ የሚሸጥ ሰው ዲስክ ሞተ ነው የሚለው» አለ ልጄ ከሳህኑ ቀና ሳይል። «የሬሳ ሣጥን የሚሸጥ ሰው ጤና ይመኝልሻል?»

ትንሿ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሱ ልክ ነው እማ። እኔው ነኝ የማጠፋው። በእንቅልፌ እየተነሳሁ ይሆናል።»

ይህን የተናገረችው እንደ ቀልድ አይደለም። ዓይኗን አየሁት። እውነቷን ነበር። ሰው ሃያ ቀን ውሸታም ነሽ ሲባል ይቆጣል፤ ታመሻል ሲባል ግን ያምናል። ያን ጊዜ ነው ዘጠኝ ሰዓት የናፈቀኝ።

መምህርቷ በሰዓቷ መጣች፤ በረኛው ቢኖር ይወዳት ነበር። ትንሿ ልጄ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወንድሟ አሮጌዎቹን ካርቶኖች ያምሳል፣ ያልታተመ ፎቶ ከካርቶን ይገኝ ይመስል። እኔ ነጠላ ጫማዬን አስተካከልኩና ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንሳኝ» አልኩት ልጄን።

«እማ፣ አሁን?»

«አሁን። ገንዘብ የሌላትን አሮጊት አላነሳም አትለኝም መቼም።»

መምህርቷ አየችኝ። ጠዋት የዘለለችኝ ሴት መሆኔን ያወቀች አይመስለኝም። ልጄ ተነፈሰና ካሜራውን አነሳ። አፌን በእጄ ሸፈንኩ፣ መብራቱ ብልጭ አለ። «አስገባው» አልኩ፤ ካርዱን አስገባው። ትንንሾቹ መስኮቶች መጡ። በረኛው በድዱ ይስቃል። ከእሱ ቀጥሎ የዛሬ ጠዋቶቹ ሠራተኞች፤ ከእነሱ መጨረሻ እኔ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ።

«ታዪኛለሽ?» አልኳት መምህርቷን።

«አዎ፣ እማማ።»

«ጥሩ። አሁን አጥፋውና መልሰህ ክፈተው» አልኩት ልጄን።

እጁ ወደ ማብሪያው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። የማሽኑ ማራገቢያ ያጉረመርማል። «አሁን... አሁን አይሆንም» አለ።

«ለምን አይሆንም? ዲስኩ ደህና ነው አላልክም? የምታጠፋው እህትህ ናት አላልክም? እሷ ያውና እዚያ ቆማለች፤ እጇ ሻንጣ ላይ ነው። አጥፋው!»

«አባዬ እኮ እዚያ ውስጥ ነው እማ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱም ሰማው፣ እህቱም ሰማች። ዲስኩ ደህና ከሆነ አባቱ ምን ይሆናል? ልጄ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ፤ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ትንሽ ልጅ እያለ ብርጭቆ ሰብሮ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«ሐሙስ።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት በሰው ፊት...»

«ምን ልበላት? ርካሹን ግዛ ያለችኝ እናቴ ናት ልበል? አባዬ ከሞተ ገና ወር ሳይሞላ አንቺን በሰው ፊት ላዋርድ?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። እኔን ፈርቶ እህቱን መታ። ልቆጣው አፌን ስከፍት የራሴ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አሁን ካልወጣ መቼም አይወጣም።

«አንተ ከሐሙስ ወዲህ ነው» አልኩ። «እኔ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። በየጠዋቱ አየው ነበር። አባትሽ መጨረሻ ላይ ስለሚሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስትጠይቂኝ እንቅልፍ ጎድሎሽ ነው ያልኩሽ እያወቅሁ ነው።»

ይህን ያልኩት ወደ ልጄ ዞሬ ነው፤ ዓይኗን ግን አላየሁም፤ ያየሁት ሻንጣዋን ነው። መምህርቷ አንዴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ውጭ መኪና አለፈ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሙሽሮች ፎቶዎች ተንቀጠቀጡ።

«አጥፉት» አለች ትንሿ ልጄ።

«ብሎን እስኪመጣ...» አለ ወንድሟ።

«ሃያ አንድ ቀን አብጃለሁ ብዬ ነው ያደርኩት። እጄን በሻርፕ ከአልጋው ጋር አስሬ ተኝቼ አውቃለሁ፤ ተነስቼ የማጠፋው እኔ እንደሆንኩ ብዬ። አሁን ደግሞ ሁለታችሁ አይደለሽም ትሉኛላችሁ። ማንኛችሁን ልመን? በዓይኔ ልየው።»

ልጄ አልተንቀሳቀሰም። አይንቀሳቀስምም፤ አባቱ ነዋ። ተነሳሁ። ሶኬቱ ጠረጴዛው ስር ነው፤ ለመጎንበስ ጉልበቴ ጮኸ። ብሎን ያለውን ረስቼው አይደለም። ገመዱን እንደጨበጥኩ የሲኒማው በር ታየኝ። ያን ቀን ዘግይቼ፣ ውጭ ቆሜ፣ በሩን ስደበድብ። አንተ ያኔ አላስገባኸኝም አልኩት በሆዴ፤ ዛሬ እኔ አስወጣሃለሁ፤ ልጅህ በር ላይ ናት።

ነቀልኩት።

ማራገቢያው እየደከመ ሄዶ ቆመ። ያ ድምፅ ስንት ዘመን በጣውላው በኩል ሲሰማኝ እንደኖረ ያወቅሁት ሲቆም ነው። ስክሪኑ ጠቆረ፤ በጥቁሩ መስታወት ላይ አራት ፊት ታየ፤ አራታችንም የሰጠምን መሰልን። ሶኬቱን መለስኩ። ትንሿ ልጄ ሻንጣዋን ለቃ መጣችና ማብሪያውን ተጫነች። ምንም የለም። ጥቁር። ልጄ ከኋላዬ የሆነ ነገር ያጉተመትማል፤ መቁጠር ነው መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም አለች። ደግሞ ጠፋች። ደግሞ መጣች። በኑሮዬ እንደዚያች ጭረት የለመንኩት ፍጡር የለም።

ተነሳ። ፎልደሩን ከፈተች። ረድፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። አራት መስኮት። አራተኛው በረኛው። ከእሱ ወዲያ ነጭ ባዶ።

እኔ የለሁም። የተቀመጥኩበት ወንበር ገና አልቀዘቀዘም፤ እኔ ግን የለሁም። ስሞት እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ፤ ወንበሩ ይሞቃል፣ ሰው ይቆማል፣ እዚያ ግን ነጭ ባዶ። መምህርቷ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

«አላበድኩም» አለች ትንሿ ልጄ። ድምፅዋ ከሩቅ ነው የመጣው። «አላበድኩም። አላበድኩም እኮ!» ወንድሟን በደብተሯ ትከሻው ላይ መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እሱም እንደ በግ ዝም ብሎ ተመታ። መምህርቷ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በመጥፎ ዓይን አይቼሽ ነበር» አለቻት። ደግ ሴት ናት፤ ብዙ ሰው ይቅርታ ሲል ምን እንዳደረገ አይናገርም።

ከዚያ ልጄ አባቷን ተጫነችው፤ ትልቅ አድርጋ ልታየው። ስክሪኑን ሞላው። የዓይኑ መጨማደድ፣ የአንገቱ ቁልፍ፣ ያ ባዶ ዋሻ። እንዲያ እየሳቀ ማሽኑ ደነዘዘ። ማውዙ አልሄድ አለ። የሚጫኑት ሁሉ አልሰማ አለ። እሱ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ብሎን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። አየ፣ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፣ ኪሱ እንኳ አልተንሿሿም። «አጥፍታችሁታል።»

«አጥፍቼዋለሁ» አልኩ።

«ዲስኩ አልቋል እማማ። አሁን የሚያዩት ስክሪኑ ላይ የቀረ ጥላው ነው። መብራት ሲቋረጥ ይሄም ይሄዳል።»

ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ማንም አልከለከለኝም። መሽቶ የፎቶ ቤቱ መስኮት ሲደበዝዝ፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊቴ ላይ አረፈ፤ የኔም ፊት መስታወቱ ላይ ወጣ፤ ከእሱ ጉንጭ አጠገብ፣ ግማሹ በእሱ ላይ። ከኋላዬ የካሜራውን ክዳን ሰማሁ።

«እማ፣ ትንሽ ዞር በይ» አለች ልጄ። «ስክሪኑን ላንሳው። መስታወቱ ላይ ትታያለሽ።»

«አልዞርም።»

«እሺ እጅሽን አንሺ። አፍሽ ላይ ያለውን።»

እጄ አፌ ላይ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። አወረድኩት። እሱ በድዱ ይስቃል፤ ምን ይደረግ፣ እኔም በድዴ ሳቅሁለት። አነሳችን።

ብሎን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። አዲሱን ዲስክ፣ ውዱን፣ አስገባ፤ ዋጋውን ነገረኝ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ደንግጦ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ልጄ ተጨማሪ የካሜራ ካርድ ሊገዛ ከብሎን ጋር ወጣ፤ ከመውጣቱ በፊት ግን የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈታና እህቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ይቅርታ ከአፉ አይወጣም፤ ጠባዩን ከኔ ነው የወረሰው። የተሰበረውን የሻንጣ እግር ግን በማግስቱ ሲሠራ አየሁት።

መምህርቷ በዚያው ዕለት ያገኘቻቸውን ልጆች በየቤቱ እየዞረች ሰብስባ መጣች። ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኝ። ከመሸ ተነሱ፤ ፎቶ ቤቱ አልበቃቸው ብሎ መንገዱ ላይ ተደረደሩ፤ ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁ። ትንሿ ልጄ ማሽኑን ከፍታለች። የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች በሌላ ፎልደር ለይታለች፤ በዚህኛው፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ፣ የመጀመሪያው መስኮት እኛ ነን፤ በረኛውና እኔ፣ ማን የማን ላይ እንደሆነ በማይለይ መስታወት ውስጥ። ከዚያ ወዲያ የመምህርቷ ልጆች።

«ከእኛ በኋላ ሰው አለ?» አልኳት።

«አለ እማ። ሃያ ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ መምህርት።»

«ዝጊና ክፈቺው።»

«አሁን እኮ ነው የከፈትኩት።»

«ዝጊና ክፈቺው አልኩሽ።»

ዘጋችው። አራት ጊዜ ተነፈስኩ። ከፈተችው። በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሁለቱ እንኳ አልቀሩም። ወደ መንገዱ የሚወስደውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና መጥረግ ጀመርኩ።